ብጣት፦ ስለ ጎማ ጥርስ አንድ ቃል

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ጎማ እኮ ሳይፑ አልቋል» ብሎ የነገረኝ በዴንቨር ከተማ በአንድ ጎማ ቤት የሚሠራ የአገሬ ልጅ ነው። እኔም ሳይፕ የሚባለው ነገር የሚቀባ ይሁን የሚነፋ ሳላውቅ፣ አላዋቂነቴን ላለመግለጥ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ዝም ብል፣ ልጁ ነገሩ ገብቶት ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ጎማ አንከባልሎ አመጣና በአውራ ጣቱ አንዱን ጥርስ ጫን አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። ያን ጊዜ ከሩቅ ሲያዩት ድፍን የሚመስለው ጥርስ፣ የተዘጋ መጽሐፍ ዳር ሲገፋ ቅጠሉ እንደሚዘረዘር፣ ሰባት ስምንት ቦታ ላይ ስስ ስስ ሆኖ ተከፈተ፤ ጣቱን ባነሣም ጊዜ ተመልሶ ገጠመ። እኔም ጥፍሬን በአንዱ ሰካሁበት፤ እስከ ግማሹ ገባ። ከዚያ ወደ ራሴ መኪና ወጥቼ በአሮጌው ጎማ ላይ ያንኑ ብሞክር፣ ጥፍሬ የሚገባበት አጥቶ አዳለጠው።

ሳይፕ እንግዲህ፣ ውኃ እንዲወርድበት በጥርሶች መካከል ከተተወው ሰፊ ቦይ የተለየ፣ በራሱ በጥርሱ ገላ ላይ ሆነ ተብሎ የሚወጣ፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን ቁርጥ ነው። ስሙን ያገኘው ከሰው ነው፤ ጆን ሳይፕ የተባለ ሰው በ1923 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ ባለመብትነቱን አስመዝግቦበታልና። የነገሩ መነሻ ሲተረክ፣ ሰውየው ቄራ ውስጥ ይሠራ ኖሮ፣ በረጠበው ወለል ላይ መንሸራተቱ ቢያስመርረው የጫማውን ሶል በቢላዋ ስስ ስስ አድርጎ ቢቈርጠው እግሩ መሬት ያዘለት ይባላል። ታሪኩ የጎማ ሻጮች ማጣፈጫ ሊሆን ይችላል፤ ሶሉ መሬት የሚይዝበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው።

ቃሉን ወደ ልሳናችን ለመመለስ ባሰብሁ ጊዜ አስቀድሞ የመጣልኝ «ስንጥቅ» የሚለው ነበር። ነገር ግን ስንጥቅ ያለው ጎማ ማለት ፀሐይና ዕድሜ ያደረቁት፣ ለመፈንዳት የተቃረበ ጎማ ማለት ስለ ሆነ፣ «ስንጥቁ የበዛውን ስጠኝ» የሚል ገዥ ቢገኝ ሻጩ እንደ ዕብድ ያየዋል። «ትልም» ብለው ደግሞ ቃሉ መልካም ሆኖ ሳለ የሚስማማው ለሰፊው ቦይ ነው። በመጨረሻ ያረፍሁት «ብጣት» በሚለው ላይ ነው። ግዕዙ «በጥሐ» ይላል፤ አማርኛውም ሐውን ጥሎ «በጣ» ብሎ ወርሶታል። ዋግምት የሚያውቅ ሰው በቀንዱ ደሙን ከመሳቡ በፊት ቆዳውን በምላጭ ጫፍ ስስ ስስ አድርጎ ሲበጣው ያየ ሁሉ፣ ይህ ቃል ሆነ ተብሎ፣ በልክና ለጥቅም የሚወጣ ቀጭን ቁርጥ መሆኑን ያለ ተርጓሚ ያውቃል። ስለዚህ ሳይፕን ብጣት፣ ሳይፕ የወጣለትን ጎማ ብጥ ጎማ ብንለው፣ የጎማ ቤቱ ልጅ ቃሉን አንድ ጊዜ ሰምቶ በነጋታው ይናገረዋል ብዬ አምናለሁ።

ብጣት የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት ግን ሌላ የቃል ችግር ይገጥመናል፤ ይኸውም በዘወትር አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ በመንገድ ላይ ረግቶ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውንም አንድ አድርገን «በረዶ» ማለታችን ነው። አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ፤ በግዕዝ በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የሚረግፈው ነገር «አመዳይ» ይባላል። እኔም ከዚህ በኋላ የሚረግፈውን አመዳይ፣ የረጋውን በረዶ እላለሁ፤ ይህን መለየት ለቋንቋ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለነፍስም ይጠቅማልና።

አንድ ጎማ መሬትን የሚነካው የሰው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ የመኪና ክብደትና የተሳፋሪ ነፍስ በአራት መዳፍ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። መሬቱ አመዳይ የለበሰ እንደ ሆነ፣ አመዳዩ በቦዩና በብጣቱ አፍ ይጠቀጠቅና ጎማው ራሱ አመዳይ ይሸከማል፤ አመዳይም ልጆች አድበልብለው ሲጫወቱበት እንደምናየው ከአመዳይ ጋር ይጣበቃልና፣ የተሸከመው ከመንገዱ ጋር ተያይዞ መኪናውን ያስኬዳል። በረጋው በረዶ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በበረዶው ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ የውኃ ልባስ አለ፤ ብርዱ በዜሮ ዲግሪ አቅራቢያ ሲሆን ይህ ልባስ ይወፍራል፤ ከጥልቁ ቁር ይልቅ ለዘብ ያለው ቀን የሚያንሸራትተውም ስለዚህ ነው። ጥርሱ መሬት ሲነካ ብጣቶቹ ይከፈታሉ፤ ሹል ዳራቸው ውኃውን ይጠርገዋል፣ ክፍተታቸው ይመጠዋል፣ ላስቲኩም ደረቁን በረዶ ያገኛል። ይህንን ያወቅሁት በአንድ የየካቲት ጧት፣ ከቁም ምልክቱ ፊት ፍሬን ይዤ፣ መኪናዬ እንዳልሰማ ሆና መስቀለኛውን መንገድ ግማሽ ድረስ ከሄደች በኋላ ነው። ከወዲያም ከወዲህም የሚመጣ አልነበረም።

ያ የዚያን ጧት ጎማ ሲሸጥልኝ «ኦል ሲዝን» ተብሎ ነበር፤ ለወቅቱ ሁሉ ማለት ነው። ስሙ ግን ከግብሩ የሰፋ ነው። የበጋ ላስቲክ ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲወርድ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የጠነከረ ጥርስ ደግሞ ብጣት ቢኖረውም ብጣቱ አይከፈትም። የቁር ጎማ የሚባለው (የክረምት ጎማ እንዳልል፣ ያገሬ ሰው ሐምሌና ጭቃ ይመጣበታል) ከብጣቱ ብዛት በላይ በብርድ ጊዜ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ላስቲክ አለው። ኦል ሲዝን በሁለቱ መካከል ነው። በጎኑ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ቢኖሩበት ጭቃና አመዳይ ማለት ቢሆንም፣ ያ ምልክት የሚሰጠው በቦዩ ቅርፅ እንጂ በፈተና አይደለም። ፈተና ያለፈው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በተራራውም ውስጥ የአመዳይ ቅንጣት ተቀርጾበታል፤ ይህ ምልክት በሰሜን አሜሪካ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ በጀርመን አገር ከ2024 መኸር ወዲህ ለቁር ጎማነት የሚቆጠረው እርሱ ብቻ ነው። «ኦል ዌዘር» በሚል ስም የሚሸጡት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይወልቁ የሚነዱ ጎማዎች ተራራውን ይዘዋል፤ እኔም ሁለት ዐይነት ጎማ ገዝቶ በየወቅቱ ለማስቀየር ገንዘቡም ቦታውም ለሌለው ሰው እነዚህን እመርጥለታለሁ። ይሁን እንጂ ያን ፈተና የሚፈተኑት በተጠቀጠቀ አመዳይ ላይ ነው፤ በረጋ በረዶ ላይ አይደለም። እንግዲህ ሁለቱን አንድ አድርጎ «በረዶ ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ገዥ «ይችላል» የሚል እውነተኛ መልስ ተሰጥቶት ይሳሳታል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ወዲህ በጎማ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የበረዶው ምልክት ከተራራው ተለይቶ የቆመው ለዚህ ነው።

ስለ ጸጥታና ስለ ምቾት ደግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ የተበጣ ጎማ አይጮኽም ወይ? የጎማ ጩኸት የሚመጣው ጥርሶቹ አስፋልቱን በተራ ስለሚመቱና በቦዩ የታፈነው አየር ስለሚወጣ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑ ምቱ በአንድ ቃና ይሆንና እንደ ንብ ቀፎ ያጕረመርማል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ የጥርሱን ርዝመት አንዱን አጠር አንዱን ረዘም እያደረጉ ድምፁን ይበትኑታል። ብጣት ጥርሱን ስለሚያለሰልሰው ምቱን ያበርደዋል እንጂ አያብሰውም፤ ክፋቱ ሌላ ነው፤ ብጣቱ ሲበዛ ጥርሱ በደረቅ መንገድ ላይ ይወላወላል፣ መሪውም የዘገየ ይመስላል። ይህን ለማረም የብጣቱን ግድግዳ በውስጥ ጠመዝማዛ እያደረጉ፣ ጥርሱ ሲጫን ግድግዳው ከግድግዳው እንዲቈላለፍ ማድረግ ተለምዷል። ምቾት የሚፈልግ ደግሞ ከብጣቱ ይልቅ የጎማውን ጎን ይመልከት፦ 205/55 አር 16 ከሚለው ጽሕፈት መካከለኛው ቁጥር የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በዚህኛው 113 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉድጓዱ ከቸርኬው ወደ ወገብ ይደርሳል። ለመልክ ሲባል ትልቅ ቸርኬ ያስገባ ሰው፣ ስለ ምቾት ጎማውን ባይከስ መልካም ነው።

ብጣት የሚያልቅ ነገር ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ሲኖረው፣ ብዙ ጎማ ላይ ብጣቱ እስከ ሥር አይደርስም፤ ጥርሱ ገና ሳለ ብጣቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ በእኔም ጎማ የሆነው ይኸው ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢታገሥም፣ ኮሎራዶ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ በሚወጣው በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የጎማ ሰንሰለት ያልያዘ መኪና 4.8 ሚሊ ሜትር ግድም ጥርስ እንዲኖረው ታዛለች። አንባቢዬ በዚያ መንገድ የምትወጣ ከሆንህ፣ ከመነሣትህ በፊት በአራቱም ጎማ ላይ ጥፍርህን ብጣቱ ውስጥ ስካ፤ ካልገባ አትውጣ።