ከፍል ውኃ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የቁርጥማት ታሪክ በአዲስ አበባ



አዲስ አበባ በፍል ውኃ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም.፣ ኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ፣ ብርድና ነፋስ ከበረታበት ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አቅራቢያ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ከንጉሥ ምኒልክ ጠየቁ። መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ። ሰው ወደዚያ ውኃ የሚወርደው ገላውን ለመታጠብ ብቻ አልነበረም፤ ከቁርጥማት እፎይታ ለማግኘትም ነበር። ስለዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም ታሪክ የከተማችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ለትዝታ ሳይሆን፣ ሕመምን ማስታገስና በሽታን መግታት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያስተምረን ነው።

ከስሙ እንነሣ። «ቁርጥማት» ከ«ቆረጠመ» የወጣ ቃል ነው፤ ሕመሙ አጥንትን እንደሚያኝክ ፍጡር ተቆጥሯል። «ሪህ» የሚለው ስያሜ ደግሞ በዐረብኛ ነፋስ ማለት ከሆነው ቃል ጋር ይመሳሰላል፤ ሕዝባችንም ዛሬ ድረስ «ብርድ መታኝ»፣ «ነፋስ ገባብኝ» ይላል። ግሪኮች በበኩላቸው ከሰውነት የሚፈስ ክፉ ፈሳሽ በመገጣጠሚያ ላይ ይወርዳል ብለው በማመን «ፍሰት» የሚል ስም ሰጡት፤ «ሩማቲዝም» የመጣው ከዚያ ነው። ሁሉም ያላየውን ምክንያት በሚያውቀው ነገር ሰየመ።

ሕክምናውም ስሙን ተከተለ። ብርድ ከገባ ሙቀት ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ፍል ውኃ፣ መተኮስ፣ ዋግምት ተለመዱ፤ ምእመናንም ጠበል ተጠመቁ። ሙቀት ጡንቻን እንደሚያፍታታና የተሳሰረን መገጣጠሚያ እንደሚያላላ የዛሬው ሕክምናም ይመሰክራል። አባቶቻችን በዚህ አልተሳሳቱም። ችግሩ አንዱ ስም ብዙ በሽታዎችን መሸፈኑ ነው።

በሽታዎቹን መለየት በአውሮፓም ጊዜ ወስዷል። ፈረንሳዊው ላንድሬ ቦቬ እ.ኤ.አ. በ1800 ከሪህ የተለየ የመገጣጠሚያ በሽታ መኖሩን ጻፈ። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1848 በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ የዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ፤ በ1859 ደግሞ «ሩማቶይድ አርትራይተስ» የሚለውን ስም ሰጠ። ዛሬ ሦስቱን ለይተን እናውቃለን። በሪህ የዩሪክ አሲድ ጠጠር በመገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። በኦስቲዮአርትራይተስ ልም አጥንቱ ከጊዜ ጋር ያልቃል። በሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል።

ማስታገስን ከፈውስ ጋር ማምታታት የጥንት ሰዎች ስሕተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች በሜዮ ክሊኒክ ኮርቲዞንን ለአንዲት የሩማቶይድ ታማሚ ሰጠ፤ በቀናት ውስጥ ተሻላት። በ1950 ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ግን የመድኃኒቱ መዘዝ ታየ፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያስነሣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የበሽታውን ጉዞ የሚገታው ሜቶትሬክሴት በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

ወደ ልደታ እንመለስ። የሕክምና ፋኩልቲያችን እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሠረተ፤ ቀድሞ በልዑል መኮንን ስም ይጠራ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ማስተማሪያው ሆነ። ከፍል ውኃ እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለታማሚ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ አጥንትን ሊበላ ይችላል። በፍል ውኃና በማስታገሻ መርፌ እየተፈራረቀች የቆየች እንጀራ ጋጋሪ እናት ስትመጣ ጣቶቿ ጠምመው ሊሆን ይችላል፤ የጠመመውን የሚያቃና መድኃኒት የለም።

እናንተ ነገ በምትቀመጡበት ክፍል ውስጥ «ቁርጥማት አለብኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ቃሉን አትናቁ፤ በእርሱም ላይ አትቁሙ። ጠዋት መገጣጠሚያው ሲተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል? ያበጠው አንድ አውራ ጣት ነው ወይስ የሁለቱም እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች? ክብደት ሲሸከም የሚያመው ጉልበት ነው? መልሱ በሽታውን መለየት ያስጀምራል፤ ሕክምናውም በዚያው ይለያያል። ለአንዱ ክብደት መቀነስና እንቅስቃሴ፣ ለሌላው ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ለሦስተኛው ፈጥኖ የሚጀመር ሜቶትሬክሴት ያስፈልጋል።

ፍል ውኃውን አንነቅፍም፤ ከተማ ሰጥቶናል፣ ብዙ ጉልበትም አሳርፏል። ነገር ግን የሚያሳርፍ ሁሉ አይፈውስም። ማስታገሻ ለታማሚው ጊዜ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ በሽታውን ለመለየት ልንጠቀምበት ይገባል።