የአደን ጠመንጃ ዒላማ ሲስት፦ ምክንያቱ ከየት ይፈለጋል?

የአደን ጠመንጃ ዒላማውን መሳት ሲጀምር አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚነካው የመነጽሩን ማስተካከያ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። በአርሲና በባሌ ተራሮች በፈቃድ ለሚታደነው የደጋ አጋዘን አቅጣጫውን የሳተ ጥይት ቆስሎ ጫካ መግባትና ለቀናት መሠቃየት ሊሆን ይችላል። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ለአዳኙም ለመንገደኛውም አደገኛ ነው።

የጠመንጃው ፍተሻ የሚካሄደው በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ፣ ከጀርባው የአፈር ክምር ባለው ዒላማ ላይ ነው። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ከ100 ሜትር ርቀት ሦስት ጥይት ይተኮሳል። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው፣ ነገር ግን ከመሐል ርቀው ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ የሚስተካከለው መነጽሩ ነው። በብዙ መነጽሮች የማስተካከያው አንድ እርከን በ100 ሜትር ላይ የጥይቱን ማረፊያ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያዛውራል። ስለዚህ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ላረፈ ጥይት 10 እርከን ያህል ወደ ላይ ማዞር ይበቃል።

ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ግን መነጽሩን ማዞር ከንቱ ድካም ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ መነጽሩን የያዙት ብሎኖች ይፈተሻሉ፤ በመኪና መንገጫገጭ የሚላሉት በብዛት እነርሱ ናቸው። ቀጥሎ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ይታያሉ። እንጨት በክረምት እርጥበት ስለሚያብጥ በርሜሉን ገፍቶ ጥይቱን ሊያስት ይችላል። በርሜሉ ከእንጨቱ ተለይቶ እንዲቆም በተሠራ ጠመንጃ ላይ ወረቀት በመካከላቸው ያለ ችግር ማለፍ አለበት። የአፈሙዙ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ጭረትም ጥይቱን ከመስመሩ ያወጣዋል። በርሜሉ ውስጥ የቀረ የማጽጃ ዘይት ደግሞ የመጀመሪያውን ጥይት ብቻ ለይቶ ያስታል፤ በተከታታይ ተኩስ የጋለ በርሜልም እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የጥይት ዓይነት ከተለወጠ ማረፊያውም ይለወጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የነካ ሰው ግን ጥፋቱ የቱ እንደነበረ አያውቅም።

ጥፋቱ የተኳሹ ሆኖ ሳለ በጠመንጃው የሚሳበብበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ድምፁንና ምቱን የሚፈራ ሰው ቃታውን ሲስብ ትከሻውን ያነቃንቃል። ይህን ለመለየት ጓደኛው ተኳሹ ሳያይ ጠመንጃውን አንድ ጊዜ ጥይት ያጎርሰዋል፣ አንድ ጊዜ ባዶ ይተወዋል። ባዶው ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ ከዘለለ ምክንያቱ ተገኘ።

በባሕር ጠለል አቅራቢያ የተስተካከለ ጠመንጃ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የባሌ ደጋ ሲመጣ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ እምብዛም አይጎተትም። ልዩነቱ በ100 ሜትር ላይ የማይታይ ያህል ነው፤ ከ300 ሜትር ጀምሮ ግን ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያርፋል። በቁልቁለትም ሆነ በዳገት የተተኮሰ ጥይትም እንዲሁ ከፍ ይላል። በአውሮፕላን ተጉዞ የመጣ ጠመንጃ ካረፈበት ስፍራ ዳግም ሳይሞከር ለአደን አይወጣም።