«ባህላዊ» ወይስ «ትውፊታዊ»?

የካናዳ ነባር ሕዝቦች ምሁራን ከአያቶቻቸው የተቀበሉትን ትምህርት የምርምር ዘዴ ሲያደርጉት፣ እኛ «ባህላዊ ትምህርት» ብለን እንተረጉመዋለን። «ባህል» ከግእዙ «ብህለ» (አለ፣ ተናገረ) የወጣ የተከበረ ቃል ነው፤ «ባህላዊ» ግን ዛሬ የ«ዘመናዊ» ተቃራኒ ሆኖ ጊዜው ያለፈበትን ነገር ያሳስባል። ከእነዚሁ ነባር ሕዝቦች የአንዱ፣ የክሪ ሕዝብ፣ ተወላጅ የሆኑት ሾን ዊልሰን በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ምርምር ራሱ ሥነ ሥርዓት ነው፣ አጥኚውም በጥናቱ ለተዛመዳቸው ሁሉ ተጠያቂ ነው ይላሉ። ይህን ሐሳብ የሚሸከመው «ትውፊት» ነው፤ ሥሩ «አወፈየ»፣ ማለትም አስረከበ፣ በአደራ ሰጠ ነውና። ቃሉ የቤተ ክህነት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአደራ መተላለፉን ከዚህ አብልጦ የሚገልጽ ቃል የለንም። እንግዲያው «ትውፊታዊ ትምህርት» እንበል፤ ተቀባይ ሁሉ ባለአደራ መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስታውሰናል።