ማርሽ ሲጮኽ፤ የካምቢዮ ታሪክና የሰበቃ ነገር

በአማርኛ ስለ መኪና ሲወራ ከሚነሡት ቃላት ብዙዎቹ ጣሊያንኛ ናቸው። ጋራዥ የዋለ ሰው «ካምቢዮው ይጮኻል»፣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል»፣ «ፎሌ አድርገው» ሲባል ይሰማል፤ ለእነዚህ ነገሮች የአገር ቤት ስም ሲወጣላቸው ግን አይሰማም። ቃላቱ በኤርትራ የቅኝ ግዛት ዘመንና ከ1936 እስከ 1941 በዘለቀው የፋሺስት ወረራ ጊዜ ከጣሊያን መኪናዎች ጋር የገቡ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካምቢዮ በትውልድ ቋንቋው «ለውጥ» ማለት ነው። ፎሌ «እብድ» ማለት ነው፤ ሞተሩ ከጎማዎቹ ተላቅቆ ብቻውን ሲያጓራ ለሰማ ሰው ስሙ አይበዛበትም። ፍሪሲዮን ደግሞ «ሰበቃ» ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚፈጠረው ያ የመያያዝ ኃይል።

የትርጉም ሥራ የለመደ ሰው በቃል ላይ መቆየት ይወዳል፤ በዚህኛው ቃል ላይ መቆየት ግን ለቋንቋ ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማል። የካምቢዮ ታሪክ በጠቅላላው ሰበቃን በተገቢው ስፍራ የማዋል ታሪክ ነውና። በአንድ የስፖርት መኪና ውስጥ ማርሽ አልገባም ሲል፣ ሲጮኽ ወይም ሲተፋ፣ በአብዛኛው ሰበቃ ሊኖር ከሚገባው ስፍራ ጠፍቷል፣ አለዚያም ሊጠፋ በሚገባው ስፍራ ቀርቷል። ይህን ያልለየ መካኒክ ካምቢዮውን ያወርዳል፣ ይፈታል፣ ጤነኛውን ዕቃ ከታመመው ጋር ቀላቅሎ ይለውጣል። ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ መኪናውን ሲረከብ ጩኸቱ እዚያው ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱ ከካምቢዮው ውጭ ነበርና።

ነገሩ የሚጀምረው በፓሪስ ነው። ኤሚል ሌቫሶር በ1891 ሞተሩን ከፊት፣ ከእርሱ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን፣ ከዚያም ካምቢዮውን ደርድሮ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚልክ መኪና ፓንሃርድ ኤ ሌቫሶር በተባለው ድርጅት ውስጥ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ለረጅም ዘመን የተከተሉት ይህንኑ አሰላለፍ ነው። በካምቢዮው ውስጥ በሁለት ትይዩ ዘንጎች ላይ መጠናቸው የተለያየ ጥርሳም መዘውሮች ነበሩ። ነጂው ማንሻውን ሲገፋ አንደኛው መዘውር በዘንጉ ላይ ተንሸራትቶ ከሌላው ጋር ጥርስ ለጥርስ ይገጥማል። በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ብረቶችን በጉልበት ማጋጠም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም። ሌቫሶር ራሱ ስለዚሁ ሥራው «ጭካኔ አለበት፤ ግን ይሠራል» ብሏል ይባላል። ሉዊ ሬኖ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1899፣ በከፍተኛው ማርሽ ላይ ኃይሉ በመዘውሮቹ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ኋላ የሚያልፍበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በመንገድ ላይ የሚሰማው ጩኸት ቀነሰ፤ ማርሽ ሲለወጥ የሚሰማው ግን እንደነበረ ቀረ።

ስለዚህ ሸክሙ በነጂው ላይ ወደቀ። የዚያ ዘመን ነጂ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ሲፈልግ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ወደ ፎሌ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ቤንዚን ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ከፍ ያደርጋል፣ እንደገና ፍሪሲዮን ይረግጥና ማርሹን ያስገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። መለኪያው ጆሮው ነበር፤ ሁለቱ መዘውሮች እኩል መዞር የጀመሩባትን ቅጽበት በድምፅ ለይቶ ካላወቀ ብረቱ ይፈጫል። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ባመረተው ሞዴል ቲ መኪናው ከዚህ ጣጣ ሸሽቶ በእግር ፔዳል የሚታዘዝ፣ ጥርሶቹ ዘወትር ተገጣጥመው የሚኖሩ ሌላ ዓይነት ካምቢዮ ገጠመ። የሞዴል ቲን ተወዳጅነት በርካሽነቱ ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን የሚዘነጉት ይመስለኛል።

ነጂውን ከጆሮ ፈተና ያወጣው ኧርል ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የፈጠረውን ሲንክሮናይዘር ካዲላክ በ1928 በመኪናዎቹ ላይ አዋለው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ጥርስ ከጥርስ ከመገናኘቱ በፊት ሁለት ለስላሳ፣ ሾጣጣ ገጾች ይነካካሉ፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሰበቃ ፈጣኑን ያዘገያል፣ ዘገምተኛውን ያፈጥናል፤ ፍጥነታቸው ሲስተካከል ጥርሶቹ ያለ ጩኸት ይገጥማሉ። በሌላ አነጋገር ሲንክሮናይዘር የተገጠመለት ማርሽ ሁሉ የራሱ የሆነች ትንሽ ፍሪሲዮን አገኘ። ይኸው ቶምሰን ኋላ ላይ በ1939 ለሕዝብ የቀረበውን ሃይድራማቲክ የተባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሠራውን ቡድን መርቷል። ነጂውን ከፍሪሲዮን ፔዳል ጨርሶ የገላገለው ይህ ሰው የጀመረውን ሥራ እስከ መጨረሻው አደረሰው ማለት ይቻላል፤ የእጅ ማርሽ ወዳጆች ግን ለዚህኛው ሥራው የሚያመሰግኑት አይመስለኝም።

በአውሮፓ ፖርሽ የራሱን መንገድ ያዘ። ከ1952 ጀምሮ በ356 መኪናው ላይ የዋለው የፖርሽ ሲንክሮናይዘር በሾጣጣ ገጽ ፈንታ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ ላዩ በሞሊብዲነም የተለበጠ የብረት ቀለበት ነበረው። ማርሹን የሚያስገባው እጅጌ ቀለበቱን ሲነካው፣ የፍጥነት ልዩነት እስካለ ድረስ ቀለበቱ ወደ ውጭ ለመስፋት ይታገልና መንገዱን ይዘጋል። ልዩነቱ ሲያበቃ ይላላል፣ እጅጌውም አልፎ ይገባል። የዚህ ሥርዓት ጠባይ በዚህ ውስጥ አለ፤ ነጂው ተቻኩሎ በገፋ መጠን ቀለበቱ አጥብቆ ይከለክለዋል። የእጅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ካምቢዮ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎችም በፈቃድ ወሰዱት፤ በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ የታየው ዝነኛው 911ም የተሠራው በዚሁ ቀለበት ነው። በ911 ላይ ከ1972 እስከ 1986 ሞዴል ያገለገለውና 915 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ካምቢዮ ዛሬም በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ በማለዳ አኩራፊነቱ ይነሣል።

የዚህ ክፍለ ዓለም ሰው 911ን የሚያውቀው ከማሳያ አዳራሽ ይልቅ ከሳፋሪ አቧራ ነው። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የተጀመረው የሳፋሪ ውድድር የስፖርት መኪና በእርግጥ ምን እንደሚችል የሚፈተንበት ስፍራ ሆነ። በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ የኡጋንዳ ተወላጁ ሸካር ሜታ ከሎፍቲ ድሩስ ጋር በዳትሰን 240ዜድ አሸነፉ። ፖርሽ በ1972፣ በ1974 እና በ1978 ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ የቀድሞውን ሳፋሪ አንደኝነት ግን አልቀመሰም። በ1974 ሁለተኛ የወጣው ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጋርድ ከ37 ዓመታት በኋላ፣ በ2011፣ ለአሮጌ መኪናዎች በተዘጋጀው የሳፋሪ ውድድር ከልጁ ጋር ሆኖ በ911 አሸነፈ። ዕድሜው 68 ነበር። በእነዚህ ውድድሮች ላይ ጭቃውን፣ ድንጋዩንና አቧራውን የተጋፈጠው የእጅ ማርሽ ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ አቤቱታ የሚበዛበት ሁለተኛው ማርሽ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ915 ካምቢዮ የአንደኛው ማርሽ ምጣኔ 3.18 ገደማ፣ የሁለተኛው 1.83 ገደማ ነው። ነጂው በአንደኛ ማርሽ ሞተሩን እስከ 5,000 ዙር አድርሶ ወደ ሁለተኛ ቢለውጥ፣ የፍሪሲዮን ሸራውና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ዘንግ ወደ 2,900 ዙር ገደማ መውረድ አለባቸው። ከ2,000 ዙር በላይ የሆነውን ይህን ልዩነት በቅጽበት የሚያጠፋው አንድ ቀጭን ቀለበት ነው። በከፍተኛዎቹ ማርሾች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ የእነርሱ ቀለበቶች ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ብቻ ሲጮኽ ጥርጣሬው ወደ ቀለበቱ መዞሩ ተገቢ ነው፤ ማርሾቹ ሁሉ ሲያስቸግሩ ግን ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን አርጅተው ነው ማለት አያስኬድም።

በ911 ላይ ሞተሩ ከኋላ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ፊት፣ ነጂው ደግሞ ከሁሉም ፊት ነው። የማርሽ ማንሻውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው በመኪናው ወለል መሐል የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ሲሆን በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ቡሺንጎች አሉ። በዕድሜና በሙቀት ደርቀው ሲሰባበሩ የነጂው እጅ የሚያዝዘውና ካምቢዮው የሚሰማው ይለያያሉ፤ ማንሻው ይዋዥቃል፣ ማርሹ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይቀራል። እነዚህ ቡሺንጎች ዋጋቸው ከካምቢዮ ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለመለወጥም ካምቢዮ ማውረድ አያሻም። ብዙ ካምቢዮዎች ያለ ፍርድ የተኮነኑት በእነርሱ ኃጢአት ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚጠየቀው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው፤ በመዘውሮቹ ጥርሶች መካከል ማንሸራተት አለበት፣ በሲንክሮናይዘሩ ገጽ ላይ ግን ከመጠን በላይ ማንሸራተት የለበትም። አለዚያ ቀለበቱ መያዝ ያቅተውና ማርሹ ይጮኻል። ጂ.ኤል-5 ተብለው የሚመደቡት ዘይቶች ለዲፈረንሺያል ከባድ ጫና የተሰናዱ፣ ድኝና ፎስፎረስ ያላቸው ቅመሞች የበዙባቸው ናቸው። ከነሐስ የተሠሩ ቀለበቶች ባሉባቸው ካምቢዮዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ ብዙ አምራቾች ጂ.ኤል-4ን ይመርጣሉ። በ911 ደግሞ ካምቢዮውና ዲፈረንሺያሉ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ቀለበቶቹም ነሐስ አይደሉም። በመሆኑም ለአንዱ መኪና መድኃኒት የሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላልና የአምራቹን መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። በማለዳ ብርድ ብቻ የሚያስቸግርና መኪናው ጥቂት ከተጓዘ በኋላ የሚተው ማርሽ ብዙውን ጊዜ የወፈረ ወይም የማይስማማ ዘይት ምልክት ነው።

እንግዲህ ማርሹ የሚያስቸግር አንድ የ1970ዎቹ 911 ጋራዥ ገባ እንበል። ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን ሁሉ በየተራ ማስገባት ነው (ጥርስ ከጥርስ ጫፍ ሊጋጠም ስለሚችል መኪናውን ትንሽ ገፋ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል)። ሞተሩ ጠፍቶም ማንሻው መንገዱን ካጣ ወደ ረጅሙ ዘንግና ወደ ቡሺንጎቹ መሄድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ በቀላሉ እየገቡ ሲነሣ ከተቋቋሙ ግን ነገሩ የሌቫሶር ዘመን ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑ ተረግጦም አልለቀቀም። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ፣ ማንሻው ፎሌ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ ጥቂት ሰከንዶች መቆየትና የኋላ ማርሽ ማስገባት ይበቃል። የኋላ ማርሹ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው ምስክርነቱ የታመነ ነው። ከፈጨ፣ የፍሪሲዮን ገመዱ ላልቷል፣ ወይም ሸራው በዘንጉ ላይ ተጣብቆ አልንሸራተት ብሏል፣ ወይም በሞተሩ መዘውር መሐል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ደርቃ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር ታዞረዋለች። የመጀመሪያውን ከመኪናው ሥር ሆኖ ማስተካከል ይቻላል።

ይህ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ ሲጮኽ የቀረው ፈተና በመንገድ ላይ የሚደረግ ነው። በዚያ ማርሽ ላይ ሲደረስ ፍሪሲዮኑን እንደ ጥንቱ ነጂ ሁለት ጊዜ እየረገጡ፣ የሞተሩን ዙር በጆሮ እያስተካከሉ ማስገባት። ጩኸቱ ከጠፋ ቀለበቱ አልቋል። በ1910 ሰው አነዳድ ሲነዳ የሚድን መኪና ያጣው የ1928ቱን ፈጠራ ነው። ፖርሽ ራሱም በ1987 ሞዴል ላይ ጂ50 የተባለውን ካምቢዮ ሲያመጣ የራሱን ቀለበት ትቶ ወደ ሾጣጣው ሥርዓት ዞሯል፤ የፍሪሲዮኑን ገመድም በፈሳሽ ግፊት ተክቶታል።

ካምቢዮ መፈታት ያለበት እዚህ ከተደረሰ በኋላ ነው። ሲፈታ ቀለበቱ ልባጡ አልቆ እንደ መስታወት ሲያበራ ይታያል፤ ከእርሱ በስተጀርባ ያሉት፣ ጫፋቸው የሾለ ሊሆን የሚገባው ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ደንዝዘው ይገኛሉ። ቀለበቱን ብቻ ለውጦ መዝጋት ያኔ አይበቃም፤ ጥርሶቹ ያሉበት ክፍልም አብሮ መለወጥ አለበት። አለዚያ ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል፣ ቤንዚን ሲለቀቅም ይተፋል።