ካራማራና የአንድ ዓይን ሥዕል

የአድዋን ጦርነት በሸራ ላይ የሳሉ የአገራችን ሠዓሊዎች አንድ የቆየ ሥርዓት ይከተላሉ። ወገን ሁለት ዓይኑ ታይቶ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ጠላት ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ብቻ። በላይ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይታያል። ትችትም ፌዝም በዚያች በጎደለች ዓይን ውስጥ ነው። የመድፍ ቁጥር የማይነግረንን ትነግረናለች፤ ሠዓሊው ማንን እንደናቀ።

የካቲት 23 ቀን 1970 ዓ.ም. የአድዋ ድል 82ኛ ዓመት ነበር። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ይዋጉ ነበር፤ የጅጅጋ ከተማ ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ በሶማሊያ ጦር እጅ ነበረች። በዚያው ዕለት ዋሽንግተን ውስጥ የፕሬዚዳንት ካርተር ከፍተኛ ሹማምንት ስለ አፍሪካ ቀንድ ተሰብስበው ተከራከሩ። የጸጥታ አማካሪው ዝቢግኒየቭ ብሬዚንስኪ የሶቪየት ኅብረት ጣልቃ ገብነት የኑክሌር መሣሪያ መገደቢያውን የሳልት ድርድር ሳይነካ አይቀርም ባይ ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ ሁለቱን ማያያዙን ተቃወሙ። እንግዲህ ዓለምን ሊያጠፋ ስለሚችል መሣሪያ የሚመክር ውል፣ ግመል የሚነዳበት የጅጅጋ ሜዳ ላይ መጥቶ ቆመ ማለት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 26፣ ከጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ ተያዘ፤ ጅጅጋም ተመለሰች። የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የዘመቻው ዋና አቃጅ ነበሩ። ከ10 ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰለፉ። ተራራውን ፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ፣ ወታደርና ቀላል ታንክ በሄሊኮፕተር ከጀርባው እንዲወርዱ ተደረገ። ሞቃዲሾ የካቲት 30 ጦሯን እንደምታስወጣ አስታወቀች።

ብሬዚንስኪ በኋላ ሳልት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህ ለኔ የተጋነነ ነው። ሁለተኛው የሳልት ውል ሰኔ 11 ቀን 1971 ዓ.ም. ቪየና ላይ ተፈርሟል፤ ያንገዋለለው የአሜሪካ ሴኔት ነው፤ ተስፋውን የቆረጠው ደግሞ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን መውረሯ። ሆኖም አባባላቸው አንድ ነገር ያስረዳል፦ ካራማራ ላይ የተተኮሰው ጥይት ዋሽንግተን ድረስ ተሰምቷል።

የኢትዮጵያ መንግሥትስ ይህን ጦርነት እንዴት አሳለው? መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ተመረቀ። የሰሜን ኮሪያ ስጦታና የእጅ ሥራ ነው፤ በኦጋዴን ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ። ጫፉ ላይ ኮከብ፣ ከግራና ከቀኝ ሰው የበዛበት የቅርጽ ግድግዳ። ደረት ሁሉ ወደ ፊት የተነፋ፣ አገጭ ሁሉ ቀና ያለ ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሕዝቡ ፊት ይራመዳሉ። የዋሽንግተኑ ጠረጴዛ እዚያ የለም። የኑክሌሩም ሥጋት። አገሩ ለአድዋ ያበጀው ፌዝም ወደ ግድግዳው አልዘለቀም፤ ለራሱ የሚሠራ ሥልጣን ሁለቱንም ዓይኑን ይፈልጋል።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአገር ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ የሌኒን ሐውልት ወረደ። ትግላችን ግን አልተነካም፤ ግድግዳው ላይ ያሉት መንግሥቱም ከሕዝቡ ፊት መራመዳቸውን ቀጥለዋል።