ጣት ይበላ የነበረው መጋጠሚያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የባቡር ፍሬን ሠራተኛን በእጁ መለየት ይቻል ነበር። አንድ ሁለት ጣት ከጎደለው በሥራው የቆየ ሰው ነው።

ጣት የሚበላው የፉርጎዎቹ መጋጠሚያ ነበር። ሁለት ፉርጎዎች የሚያያዙት በአንድ ወፍራም የብረት ቀለበትና በሁለት ፒኖች ነው። ሠራተኛው በቆመው ፉርጎ ፊት ሆኖ፣ ሌላው እየተገፋ ሲመጣ ቀለበቱን በእጁ ቀና አድርጎ ከማስገቢያው ይከተዋል፤ ወዲያው ፒኑን ይሰካል። እጁን ለመሳብ ጥቂት ከዘገየ ጣቱ ይቀራል። እግሩን ካዳለጠው ሕይወቱም አይተርፍም።

መላ የዘየደው ኢላይ ጃኒ መሐንዲስ አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቡ ወገን ተዋግቶ የተመለሰ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሱቅ ሠራተኛ ነበር። ሞዴሉን ከእንጨት በቢላ ቀረጸ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። የሁለት እጆችዎን ጣቶች አጥፈው አንዱን በሌላው ቢያቆላልፉ አሠራሩ ይገባዎታል። በእያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ እንደ ታጠፈ ጣት የሚዞር ብረት አለ። ፉርጎዎቹ ሲጋጩ ብረቶቹ ዞረው ይያያዛሉ፤ ቁልፉም በራሱ ይወድቃል። ለመፍታት ከጎን ቆሞ ዘንግ ማንሳት ይበቃል። መሀል የሚገባ ሰው የለም።

ታዲያ ጣት መቆረጡ ከዚያ በኋላ ለምን ዓመታት ቀጠለ? የባቡር ኩባንያዎቹ ወጪውን ሸሹ። ደግሞም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ስለሚሄድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካልገጠሙ የአንዱ ብቻውን መግጠም ብዙም አይረባም። ስለዚህ የሠራተኛውን እጅ ያዳነው ፈጠራው ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ሁሉም በራሱ የሚያያዝ መጋጠሚያ እንዲገጥሙ ያስገደደው ሕግም ነው። የአዮዋው ገበሬ ሎሬንዞ ኮፊን ለዚህ ሕግ ሲል ዓመታት ሙሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ በየስብሰባው ተናገረ። ለእኔ ከጃኒ አያንስም። ፕሬዚዳንት ሃሪሰንም በ1889 የእነዚህ ሠራተኞች አደጋ በጦርነት ካለ ወታደር አደጋ እንደማያንስ ለኮንግረስ አሳሰቡ። ሕጉን የፈረሙት ሥልጣን ሊለቁ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ መጋቢት 2 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. ነበር። ኩባንያዎቹ ጊዜ ይራዘምልን ብለው እስከ 1900 ተፈቀደላቸው።

በአብዛኛው አውሮፓ ግን የጭነት ባቡር ሠራተኛ ዛሬም በሁለት ፉርጎዎች መሀል ገብቶ መጋጠሚያውን በእጁ ያስራል።