የሐረጎ ቍልቍለትና የመኪና ሞተር ስፍራ



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ የምትመላለሱ ሁሉ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 650 ሜትር መውረድ ግድ ነው። ታዲያ በዚያ ቍልቍለት የተሳፈራችሁበት መኪና ሞተሩ ከፊታችሁ ነውን? ከኋላችሁ? ወይስ ከመቀመጫው በታች? ጥያቄው የመካኒኮች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሞተር ከመኪና አካላት ሁሉ ከባድ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ፣ የተቀመጠበት ስፍራ የትኛው ጎማ መሬቱን አጥብቆ እንዲይዝ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል፣ ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የሠራው ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ሞተሩ ከኋላ ነበረ። በ1891 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር ሞተሩን ወደ ፊት አወጣና ካምቢዮውን አስከትሎ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች አስተላለፈ። የፊት ጎማዎች ክብደት ስላገኙ መሪው የታዘዘውን የሚፈጽም ሆነ። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሌ አውቶሞቢልም ከዚሁ ወገን ነበረ።

ወደ ወሎ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈር የነበረችው ደሴ በሚያዝያ ወር በኢጣልያ ጦር ተያዘች። ከዚያ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው የባዶልዮ ሠራዊት 1,700 ያህል መኪናዎች ነበሩት፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቈርጦ ስለ ነበረ ያ ሁሉ መኪና ቆሞ ወታደሩ አካፋ ለማንሣት ተገደደ። ጠላት በወረራው ዘመን የአሰብንና የአስመራን መንገድ ሲሠራ ግን ሁለቱ የሚገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ሆነ። በዚህ መንገድ ከተመላለሱት የጭነት መኪናዎች አንዱ ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 ነበረ። ኮፈኑ ረጅም ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ ጋቢናው ከሞተሩ ኋላ፣ ጭነቱም ከጋቢናው ኋላ ይውላል። ስለዚህ ጭነቱ ከሞላ ጎደል በኋላ ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ ዳገት ሲወጣም ፊቱ ይቀላል።

ፊያት በ1939 እ.ኤ.አ. ባወጣው 626፣ ኋላም በ1952 እ.ኤ.አ. በጀመረው 682 ጋቢናውን ከሞተሩ ላይ አወጣው። የዚህ የኋለኛው ዘር የሆነው «ኤንትሬ» በአገራችን ስሙ የታወቀ ነው። ኮፈኑ ሲቀር የጭነቱ ወለል ወደ ፊት ተራዘመ፤ ከጭነቱም ከፊሉ በፊት ጎማዎች ላይ ዐረፈ። ሾፌሩና ረዳቱ የሞተሩን ግለትና ጩኸት መቻላቸው የዚህ ዋጋ ነበረ! ባዶውን ሲወርድ ግን ኋላው ስለሚቀል፣ ፍሬን በኃይል ከተያዘ የኋላ ጎማዎቹ ቆመው ይንሸራተታሉ።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እኩል የተከፈለ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.40 ሜትር፣ የክብደቱ ማእከል ከመሬት 60 ሳንቲሜትር የሆነ መኪና አለ እንበል። ሾፌሩ የክብደቱን ግማሽ በሚያህል ኃይል ፍሬን ቢይዝ 125 ኪሎ ከኋላ ወደ ፊት ይተላለፋል፤ ከፊት 625፣ ከኋላ 375 ይሆናል ማለት ነው። አሁን ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ይቈለልና ጠቅላላው ክብደት ሳይጨምር ማእከሉ ወደ 80 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ 125ቱ ኪሎ ወደ 167 ያድጋል። እንግዲህ መሐንዲሱ ሞተሩን በጥንቃቄ ያስቀመጠበትን ሚዛን፣ መናኸሪያ ላይ ጣራው ላይ የሚወጣው ጆንያ ያፈርሰዋል። ሐረጎ ላይ በዚህ መልክ የተጫነ ሚኒባስ ስታዩ ይህን ሒሳብ አስታውሱ፤ በበኩሌ ከእንዲህ ያለው መኪና ወርጄ ሌላ እጠብቃለሁ።

ቮልስና ሰይቼንቶ ደግሞ ወደ ቤንዝ ሐሳብ ተመልሰው ሞተራቸውን ከኋላ አደረጉ። በባዶው ቮልስ 60 በመቶ ያህሉ ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃና ዳገት አይፈራም። ነገር ግን ቍልቍለት ላይ በመታጠፊያው መካከል በድንገት ፍሬን ቢያዝ ጅራቱ ሊዞር ይፈልጋል። ስለዚህ ከባድ ሻንጣ ከፊት ባለው ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የፊት ጎማዎችን በሚያሽከረክረው በዛሬው ትንሽ መኪና ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲወርድ የረጋ ነው፣ በእርጥብ ዳገት ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሚጐትቱት ጎማዎች ይሽከረከራሉ።

ባጃጁስ? ሦስት ጎማ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ሞተሩም ከኋላ፤ ቤንዝ ከመቃብር ተነሥቶ ደሴን ቢጐበኝ የገዛ ሠረገላው ዘመድ መሆኑን አይስተውም ነበር። ሦስት መንገደኞች ከኋላ ተቀምጠው ዳገቱን ሲወጣ የፊቱ ብቸኛ ጎማ ይቀላል፣ መሪውም ይላላል። ሾፌሩ በዚያን ጊዜ ደረቱን ወደ መሪው አስጠግቶ ጎንበስ ሲል ብታዩት፣ የራሱን ክብደት ወደ ፊት ማበደሩ ነው።